«ልብ ይጹም፣ ሆድ ይብላ» ለሚሉን

ሰሞኑን ስለ ጾምና ጸሎት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ነበር። የተለያዩ ሰዎች ልከውልኛል፤ አንዳንዱ «መልስ ካለህ እስቲ» ብሎ፣ አንዳንዱ ዝም ብሎ። ላላነበባችሁት ሐሳቡን ባጭሩ ላስቀምጠው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ጾም በአዋጅ ስለሆነ ክርስቶስ «በስውር ጹሙ» ያለውን ይጥሳል። ምግብን የሚበላና የማይበላ ብሎ መክፈል ወንጌል የሻረው ነገር ነው። ጸሎቱም ከመጽሐፍ የሚነበነብ ድግግሞሽ ነው። ሰው ይጾማል፣ ግን ያው ያማል፣ ያው ጉቦ ይበላል። ጾሙ ገበሬውን ያከስራል፣ እናትና ልጅን ይጎዳል። ስለዚህ የቀን መቁጠሪያው ይቅርና ሁሉም ልቡ በተነሳሳ ጊዜ ይጹም።

ጸሐፊው ስድብ ውስጥ አልገባም፣ ይህን ወድጄለታለሁ። እኔም ጉዳዬ ከሐሳቡ ጋር ነው። ባብዛኛው አልስማማም። አንድ ቦታ ላይ ግን ልክ ነው፤ እንዲያውም እዚያ ላይ እሱ ከተናገረው በላይ መናገር ይቻላል። ስንደርስ ታዩታላችሁ።

በመጀመሪያ «በስውር» የሚለው።

ማቴዎስ 6ን ጠቅሷል። መልካም። ግን ምዕራፉን ከላይ ጀምሮ እናንብበው። እዚያው ላይ ጌታ ስለ ጸሎት ሲናገር ወደ እልፍኝህ ገብተህ መዝጊያህን ዘግተህ ጸልይ ይላል። ስለ ምጽዋትም ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ ይላል። በጸሐፊው መንገድ ከሄድን የጋራ ጸሎት ሁሉ ቀረ ማለት ነው። እሑድ ተሰብስቦ በድምፅ ማጉያ መጸለይም ቀረ፣ ለችግረኛ በአደባባይ ገንዘብ ማሰባሰብም ቀረ። እንዲህ የሚያምን ክርስቲያን አላውቅም፣ ጸሐፊውም አያምንም ብዬ እገምታለሁ። ታዲያ ጸሎት የግልም የጋራም መሆን ከቻለ፣ ጾም ላይ ሲደርስ ብቻ ለምን ይከለከላል?

ጌታ የነቀፈው ሰው እንዲያይለት ፊቱን የሚያጠወልገውን ነው። አሁን ረቡዕ ቀን አዲስ አበባ ውስጥ ምሳ ቤት ገብቶ «የጾም ምን አለ?» የሚል ሰው ማንን ያስደንቃል? አስተናጋጁም ጾመኛ ነው፣ አጠገቡ የተቀመጠውም ጾመኛ ነው። ሁሉም በሚጾምበት ቀን መጾም መታያ አይሆንም። ይልቅ የሚፈተነው ለብቻው የራሱን ጾም ያወጀ ሰው ነው። «ምነው ዛሬ አትበላም?» ሲሉት ምን ይበል? «ጾም ይዣለሁ» ካለ ታወቀበት፣ «አሞኛል» ካለ ዋሸ። የጋራው ጾም ከዚህ ጣጣ ይገላግላል፤ ማንም ማንንም አይጠይቅም። በ2017 ዓ.ም. ሁዳዴ የካቲት 17 ገባ፣ በዚያው ሳምንት ረመዳን ተከተለ። በአንድ ግቢ አንዱ ጎረቤት ዘጠኝ ሰዓትን፣ ሌላው የመግሪብን አዛን ይጠብቅ ነበር። ማን ለማን ሊታይ ነው?

ደግሞ በአዋጅ መጾምን ኦርቶዶክስ አልፈጠረችውም። በየዓመቱ ሦስት ቀን የምንጾመው ጾመ ነነዌ የምን መታሰቢያ ነው? የነነዌ ንጉሥ አዋጅ አስነገረ፣ ሰው ብቻ ሳይሆን ከብቱም እንዳይቀምስ አዘዘ፤ እግዚአብሔርም «ይህ የአዋጅ ስለሆነ አልቀበልም» አላለም። ኢዩኤል ጾምን ቀድሱ፣ ጉባኤውንም ጥሩ ይላል። አስቴር በሱሳ ያሉትን አይሁድ ሁሉ ሦስት ቀን አስጾመች። በሐዋርያት ሥራ 13 የአንጾኪያ ክርስቲያኖች አብረው ጾመውና ጸልየው ነው በርናባስንና ሳውልን የላኩት። በ1ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ገደማ እንደተጻፈ የሚገመተው «ዲዳኬ» የሚባለው የጥንት ክርስቲያኖች የትምህርት መጽሐፍ ደግሞ ረቡዕንና ዓርብን ጹሙ ብሎ ቀኑን ቆርጦ ያዛል። ያኔ ገና ሊቃውንቱ ስለ ሥላሴ የሚከራከሩበት ዘመን እንኳ አልደረሰም።

በነገራችን ላይ ጸሐፊው «ይህ ዓይነት ያለ ጸሎትና ያለ ጾም አይወጣም» የሚለው ቃል በጥንታዊ ቅጂዎች የለም ብሎ እንደ ትልቅ ግኝት አቅርቦታል። ማቴዎስ 17፥21 በ4ኛው መቶ ዘመን በተጻፉት ሁለት ታላላቅ የግሪክ ቅጂዎች ውስጥ እንደሌለ እውነት ነው። ግን ጾማችን በዚያ አንድ ጥቅስ ላይ አልተንጠለጠለም። «ሙሽራው ከእነርሱ የሚወሰድበት ወራት ይመጣል፣ በዚያን ጊዜም ይጾማሉ» የሚለው ማቴዎስ 9 ላይ አለ፣ እሱን ማንም አልነካውም።

ወደ ምግቡ እንሂድ። «ወደ አፍ የሚገባ ሰውን አያረክስም» ብሎ ጠቅሶ፣ ከጢሞቴዎስ መልእክት ደግሞ ከመብል እንዲርቁ የሚያዝዙ ሐሰተኞች ይመጣሉ የሚለውን ጨምሮ ጉዳዩን ዘግቶታል። እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ። ሥጋና ወተት ርኩስ ነው ብለን የምንጾም ከሆነ የፋሲካ ሌሊት ያንን ሁሉ ዶሮ ማን ነው የሚበላው? ከትንሣኤ በኋላ ባለው በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ርኩስ ነገር ለሃምሳ ቀን ንጹሕ አይሆንም መቼም።

ጾመኛ ሥጋውን የሚተወው ጥሩ ነገር ስለሆነ ነው። መጥፎ ነገር መተው ምን ጾም አለው! ዳንኤል ሦስት ሳምንት ሥጋና ጠጅ በአፌ አልገባም ሲል ጠጁ ረክሶበት አልነበረም፤ እያዘነና እየጸለየ ስለነበር ነው። ይህን ልዩነት ቤተ ክርስቲያን ከጥንት ጀምሮ ታውቀዋለች። በ4ኛው መቶ ዘመን በዛሬዋ ቱርክ፣ በጋንግራ የተሰበሰቡ ጳጳሳት ሥጋ የሚበላን ሰው የሚኮንኑትን አወገዙ። እነዚያው ጳጳሳት፣ በዚያው ጉባኤ፣ የቤተ ክርስቲያንን የጋራ ጾም በትዕቢት የሚሽሩትንም አወገዙ። ሁለቱንም በአንድ ላይ። ጳውሎስ የነቀፋቸው ሰዎች የመጀመሪያዎቹ ናቸው። እኛ ከእነሱ ጋር የተደመርነው በምን ምክንያት እንደሆነ ጽሑፉ አይነግረንም። (በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እዚህ ጋ ሊነሳ ይችል ነበር፤ ግን እሱ ከተነሳ መሽቶ ይነጋል፣ ይለፈን።)

ጸሎቱ ላይ «በከንቱ አትድገሙ» የሚለውን አምጥቷል። ውዳሴ ማርያም በየቀኑ፣ መዝሙረ ዳዊት በየቀኑ፣ «እግዚኦ መሐረነ» እየደጋገሙ፣ ያውም ብዙው ሰው በማይሰማው በግዕዝ። ይሄ ነው ክሱ።

መልሱ ያው ጥቅሱ ያለበት ቦታ ላይ ነው። ጌታ ይህን ከተናገረ በኋላ ወዲያው ምን አደረገ? ቃል በቃል የሚባል ጸሎት ሰጠ፤ አባታችን ሆይን። ጌቴሴማኒ ላይ ራሱ ሦስተኛ ጊዜ «ያንኑ ቃል ደግሞ ጸለየ» ይላል ማቴዎስ። መስቀል ላይ «አምላኬ አምላኬ ለምን ተውኸኝ» ሲል ያን ቃል ያኔ አልፈጠረውም፤ ዳዊት መዝሙር ላይ የነበረ ነው። በዚያ ሰዓት ከመጽሐፍ መጸለይ ካላሳፈረው እኛን ምን ያሳፍረናል?

የተወሰነ ሰዓትም እንደዚሁ። ዳንኤል በቀን ሦስት ጊዜ ይንበረከክ ነበር። ጴጥሮስና ዮሐንስ በጸሎት ጊዜ፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ ወደ መቅደስ ወጡ። የእኛ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጌታ በመስቀል ላይ ነፍሱን የሰጠበት ሰዓት ነው። ለዚህ ነው በሁዳዴ ቅዳሴው ቀትር አልፎ የሚገባው፣ ሰው ቆርቦ ወይ አስቀድሶ ነው እህል የሚቀምሰው። ጾሙና ጸሎቱ በሰዓት ተሳስረዋል። ጸሐፊው ሁለቱን ነጣጥሎ ጾሙን በምግብ ዝርዝር፣ ጸሎቱን በንባብ ልክ ስለመዘናቸው ነው ሁለቱም ባዶ የሆኑበት።

የግዕዙ ነገር ላይ አልሟገትም፤ የማይገባውን ቃል ዕድሜውን ሁሉ የሚል ሰው አለ፣ ያሳዝናል። ግን ዳዊቱም ውዳሴ ማርያሙም በአማርኛ ታትመው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ይሸጣሉ። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ታክሲ እየነዳ ጸሎቱን በስልክ የሚያዳምጥ አለ። ጎድሎ ከሆነ የጎደለው ትምህርት ነው። ደግሞም ልቤ ደርቆ፣ ደክሞኝ፣ አንድ ቃል ከራሴ ማውጣት ባቃተኝ ማታ የሰው ቃል ተበድሬ መጸለይ መቻሌን አልሸጠውም። ከልብ የሚፈልቅ ጸሎት ብቻ ነው ጸሎት የሚለን ሰው፣ ልቡ ፈልቆለት የማያውቀውን ሰው ምን ሊያደርገው ነው?

«ጾመኛው ያው ሐሜተኛ ነው» ለሚለው ብዙ አልቆይም። ኢሳይያስ 58ን ከላይ እስከ ታች ገልብጦታል፤ ለጥልና ለክርክር ትጾማላችሁ የሚለውን። ኢሳይያስ ግን ጾሙን ተዉት አላለም። በግፍ የታሰረውን ፍቱ፣ እንጀራህን ለተራበ ቁረስ፣ የታረዘውን አልብስ፣ ጾም ይህ ነው አለ። በሁዳዴ ደግሞ ቅዱስ ያሬድ «ይጹም ዓይን፣ ይጹም ልሳን፣ እዝንኒ ይጹም እምሰሚዐ ኅሡም» ያለው ይዜማል፤ ዓይን ይጹም፣ አንደበት ይጹም፣ ጆሮም ክፉ ከመስማት ይጹም። ስለዚህ ጸሐፊው እንደ አዲስ የሚነግረንን ደብተራው በየዓመቱ ሲያዜመው ኖሯል። ጉቦኛውስ? ጉቦኛው ጾም ቢተው ጉቦውን ይተዋል እንዴ? የማይጾም ጉቦኛ የሞላበት አገር እኮ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግን ጸሐፊው በደንብ መታን፣ መታመም አለብን። የጾም በርገር፣ የጾም ፒዛ፣ የጾም ኬክ። በዘይት የሰጠመ በየዓይነቱ ለሦስት ሰው የሚበቃ፣ ከዚያ ላይ የጾም ጣፋጭ። በ2ኛው መቶ ዘመን የተጻፈው፣ በግዕዝም ተተርጉሞ የነበረው «የሄርማስ እረኛ» የሚባለው መጽሐፍ ጾምን እንዲህ ያስተምራል፤ በጾምህ ቀን ልትበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስላ፣ ያንን ለመበለት ወይም ለወላጅ አልባ ወይም ለችግረኛ ስጥ። ይህን ስሌት የሚሠራ ስንት ጾመኛ አለ? እንዲያውም የሁዳዴ ወጪያችን ከፍስኩ የሚበልጥብን አለን። ይህ ግን የጾሙ ውድቀት አይደለም፤ ጾሙን ወደ ሜኑ የቀየርነው እኛ ነን። መድኃኒቱም ያው ጾሙን ወደ ልኩ መመለስ ነው።

ኢኮኖሚው ላይ ቶሎ ልለፍ። በጾም ወራት ሉካንዳው ይዘጋል፣ የወተት ገበያው ይቀዘቅዛል፣ ከከተማ ዙሪያ ወተት የሚያቀርበው ገበሬ ይቸገራል። ይህ የታወቀ ነው፣ ማስተባበል አያስፈልግም። ግን ወተቱ አይደፋም፤ ባብዛኛው ቅቤ ይሆናል፣ ቅቤው ይቀመጣል፣ ለፋሲካ ይወጣል። ያኔ ዋጋው ስንት እንደሚገባ ለገዛ ሰው አይነገርም። ገበሬው ራሱ ደግሞ ጾመኛ ነው፤ ምስር፣ ሽንብራና ተልባ የሚዘራውም እሱ ነው፣ በጾም ወራት ገበያው ለዚህኛው ይደራል። የቀረው የማቀነባበሪያና የማከማቻ ጥያቄ ነው። ለዚህ ሲባል ሃይማኖት ይሻሻል የሚል ሰው መጀመሪያ ማቀዝቀዣ ይጠይቅልን።

አሁን ልክ ነው ወዳልኩት።

ጸሐፊው ጾም ነፍሰ ጡሮችን፣ የሚያጠቡ እናቶችን፣ ሕፃናትንና መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችን ይጎዳል ይላል። ብዙ የእኛ ወገን መላሾች ለዚህ አንድ መስመር መልስ አላቸው፤ «ቤተ ክርስቲያን እነሱን አታስጾምም»። ትክክል ነው፣ አታስጾምም። የሐዋርያት ቀኖና ተብሎ በሚታወቀው ጥንታዊ ስብስብ ውስጥ ዐቢይ ጾምን፣ ረቡዕንና ዓርብን ያልጾመ ካህን ይሻር የሚል ጥብቅ ሕግ አለ። እሱ ሕግ ራሱ የሰውነት ድካም የከለከለውን ሰው ነፃ ያደርጋል። ካህኑን ነፃ ካደረገ እናቲቱን እንዴት አያደርግ? በልማዳችንም ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ አይጾምም።

ግን በወረቀት ያለው ሌላ፣ ቤት ውስጥ የሚሆነው ሌላ። በሁዳዴ 55 ቀን ቤቱ ውስጥ እንቁላል አይገዛም፣ ወተት አይገባም፤ የሚበላው ሰው ስለሌለ። ሕፃኑ አይጹም ብሎ የሚያስብ የለም፣ ግን ሕፃኑ የሚበላው ከቤተሰቡ ድስት ነው። እናትየዋ ለሱ ብቻ እንቁላል ብትቀቅል ድስቱ ይነካካል፣ ማንኪያው ይነካካል ብላ ትሰጋለች። ጎረቤት ሽታው ቢሸተው ምን ይላል ብላም ትፈራለች። ስለዚህ ዕድሜው አንድ ዓመት ከመንፈቅ የሆነው ልጅ ማንም ሳያስጾመው ይጾማል። ሁዳዴ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። የምእመኑ ጾም ዓመቱን ሙሉ ሲደመር ወደ 180 ቀን ይደርሳል፤ በየዓመቱ ሲደጋገም ለሁለት ዓመት ልጅ ይህ የዕድሜው ግማሽ ያህል ነው።

በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የሕዝብና የጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 37 ከመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ጸሐፊው ይህን በጾም ላይ ሊደፋው ይፈልጋል። አይሆንም፤ መቀንጨር ጾም በሌለባቸው አካባቢዎችም በብዛት አለ፣ ድህነት፣ ንጹሕ ውኃ ማጣትና ተቅማጥ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ግን በኛ ቤት ያለውን ድርሻ በሌላው ቤት ችግር መሸፈን አንችልም። ሽሮና ምስር ጥሩ ምግብ ነው፣ ተልባና ሱፉም እንዲሁ። ለአዋቂ ሰው ይበቃል። ለሕፃን ግን ብቻውን አይበቃም፣ ይህን የሕፃናት ሐኪሞች ሁሉ የሚሉት ነው።

ነፍሰ ጡሯም እንደዚሁ ናት። ንስሐ አባቷ «ልጄ ብዪ» ይሏታል፤ እሷ ደግሞ «እግዚአብሔርን ልድፈር?» ትላለች፣ ወይም አማቷ እያየች አልበላም ትላለች። ስኳር ያለበት ሰውም ኢንሱሊኑን ወግቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆያል። እነዚህ ሰዎች የሚታዘዙት ለቀኖናው መስሏቸው ነው፤ ቀኖናው ግን አላዘዛቸውም። የሚያስፈራቸው ሰው ነው። እዚህ ላይ «ቤተ ክርስቲያን አታስጾምም» ብሎ መልሶ መሄድ ከኃላፊነት መሸሽ ነው፤ ሰው ካልሰማው ፈቃድ ምን ጥቅም አለው?

ይህ ችግር እንደሚፈታ ደግሞ አይተናል። እንጦጦ ላይ የኤችአይቪ መድኃኒታቸውን ትተው በጠበል ብቻ የሚጸኑ ሰዎች በበዙበት ጊዜ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱንም ጠበሉንም አብራችሁ ውሰዱ፣ ሁለቱም አይጋጩም ብለው በይፋ ተናገሩ። ሐኪም ብቻውን ሊለው የማይችለውን ቃል ፓትርያርኩ አሉት። ለሕፃናቱና ለነፍሰ ጡሮቹም የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ በየሰበካው፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በስብከቱ መካከል፣ ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት በግልጽ ይነገር። «ነፍሰ ጡር ነሽ፣ ብዪ። ለልጅሽ ትንሽ ድስት ለብቻ አውጪ፣ እንቁላሉን ቀቅዪለት፣ ኃጢአት የለብሽም።» ይህን የሚሉ ካህናት አሉ። ይብዙልን። ጾመኛው ጎረቤትም ሽታው ሲመጣበት ዝም ይበል፤ ምላስ ይጹም የተባለው ለዚህም ጭምር ነው።

ግን ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ ጾሙን በቦታው አድርጎ የሚፈጸም ነገር ነው። ጸሐፊው ችግሩን አይቶ ጾሙን ያንሱት አለ።

የመጨረሻው የሱ ሐሳብ ይህ ነው፤ ሁሉም ልቡ በተነሳሳ ጊዜ ይጹም። ይህ ለማን እንደሚስማማ ልንገራችሁ። ጊዜ ላለው፣ ለተማረ፣ ስለ ራሱ መንፈሳዊ ሁኔታ አስቦ ለሚያቅድ ሰው። ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ የሚሸከም ሰው ልቤ ተነሳሳ ወይስ አልተነሳሳ ብሎ የሚመረምርበት ሰዓት የለውም። ዓርብ መሆኑን ግን ያውቃል። በሱ ቀን ላይ ጾም የሚገባው በዚያች ዕውቀት ነው፤ ሽሮውን በልቶ «ዓርብ አይደል» ይላል፣ ያቺ ቃል ጌታ ስለሱ መሰቀሉን ታስታውሰዋለች። በባህረ ሰላጤው አገር ሰው ቤት የምትሠራ እህትም የቀረበላትን ከመብላት ሌላ ምርጫ ላይኖራት ይችላል፤ ግን ዛሬ አገር ቤት እናቷ እየጾመች መሆኑን ታውቃለች፣ በጸሎት ትቀላቀላለች። ልብ በተነሳሳ ጊዜ ቢሆን ማን ከማን ጋር ይቀላቀል ነበር?

የእኔ ልብ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በራሱ ብዙ አይነሳሳም። አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት ይቀድማል፣ ልብ ይከተላል። በሰሙነ ሕማማት ዓርብ ዕለት የሰገደ ሰው ያውቀዋል። ሲጀምር በልቡ ምንም የለም፣ ጉልበቱ ብቻ ነው የሚሠራው። ወደ ማታ ግን ሌላ ሰው ሆኗል። ጸሐፊው መጀመሪያ ልብ፣ ከዚያ ሰውነት ይላል። እኛ ብዙ ጊዜ በተቃራኒው ነው የገባን።

በዚያ ላይ በፈቃድ መጾም በኛ ዘንድ የጠፋ ነገር አስመስሎታል። አልጠፋም። ከሰባቱ አጽዋማት ውጪ የፈቃድ ጾም አለ፤ ጾመ ጽጌ ለምእመናን ግዴታ አይደለም፣ የፈለገ ይጾመዋል፣ ያልፈለገ የሚጠይቀው የለም። ጸሐፊው ልቡ ከተነሳሳ መስከረም 26 ይጀምራል፣ 40 ቀን ነው።